ምዕራፍ ሰባት፦ ከመርዶ እስከ ቀብር

በደቡብ ጎንደር፣ በፋርጣ ወይም በላይ ጋይንት አንድ ሽማግሌ ሌሊት ቤቱ ውስጥ ቢያርፍ፣ ቀጥሎ የሚሆነውን አገሬው ሳይመካከር ያውቀዋል። መጀመሪያ ዓይኑ ይከደናል፤ አገጩ በጨርቅ ይታሰራል፤ እጅና እግሩ ይቃናል። ጎረቤት ይነሣል። ንስሐ አባቱ ይጠራሉ። ሲነጋ ጥሩንባ ይነፋል፤ ወጣቶቹ ዶማና አካፋ ይዘው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ያቀናሉ፤ ሴቶቹ እህል ውሃውን ይይዛሉ፤ ራቅ ላለው ዘመድ መልእክተኛ ይላካል፣ ዛሬ ዛሬ ደግሞ ስልክ ይደወላል። አስከሬኑ ይታጠባል፣ ይገነዛል፣ ፍትሐቱ ይደርሳል። ብዙውን ጊዜ ፀሐይ ሳትጠልቅ አፈር ይለብሳል።

ይህን በቅደም ተከተል መዘርዘሬ ያለ ምክንያት አይደለም። የዚህ ምዕራፍ ጉዳይ የሚወሰነው በእነዚህ ሰዓታት ውስጥ ነው። ስለ አካል ልገሳ ሲወራ አብዛኛው ሰው የሚያስበው ስለ ቸርነትና ስለ ሃይማኖት ነው። ሁለቱም ትልቅ ቦታ አላቸው፤ እመለስባቸዋለሁ። በደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ባለው ደጋ ግን ከሁሉ የሚቀድመው ጥያቄ የሰዓት ጥያቄ ነው፦ ሰውየው ካረፈ በኋላ፣ ከመገነዙ በፊት፣ ማን ይደርሳል?

ልብ ሲቆም አንጎል በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል። ኩላሊትና ጉበትም ደም ከተቋረጠባቸው ብዙ አይቆዩም። ከዓይን ፊት ያለው ጥርት ያለ ስስ ሽፋን ግን የተለየ ነው። ሐኪሞች ኮርኒያ ይሉታል፤ በተለምዶ «የዓይን ብሌን ልገሳ» ሲባል የሚለገሰው እሱ ነው። ይህ ሽፋን የደም ሥር የለውም። ኦክስጅኑን ከአየርና ከእንባ፣ ምግቡን ደግሞ ከኋላው ካለው ፈሳሽ ያገኛል። ስለዚህ ባለቤቱ ካረፈ በኋላም ለሰዓታት ሳይበላሽ ይቆያል። ውፍረቱ መሃሉ ላይ ግማሽ ሚሊ ሜትር ያህል፣ ስፋቱ ከ11 እስከ 12 ሚሊ ሜትር ነው፤ በእጅ ሰዓት ፊት ላይ እንደሚገጠም መስታወት ጎበጥ ያለ ነው።

ለንቅለ ተከላ እንዲሆን ከሞት በኋላ ባሉት ከ6 እስከ 12 ሰዓታት ውስጥ መነሣት አለበት። ሥራው ራሱ ግማሽ ሰዓት እንኳ ላይፈጅ ይችላል። የሠለጠነ ባለሙያ የዓይኑን አካባቢ በጸረ ተሕዋስያን ያጸዳል፤ ኮርኒያውን በዙሪያው ካለው ጥቂት ነጭ ክፍል ጋር ቆርጦ ያነሣል፤ ከዚያ ቆቡን መልሶ ይከድናል። ፊቱ አይለወጥም። ገናዡ ካልተነገረው በቀር ምንም ላያይ ይችላል። የተነሣው ኮርኒያ በልዩ ፈሳሽ ውስጥ ሆኖ በ4 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ቅዝቃዜ ይቀመጣል። እንዲህ ከተያዘ እስከ 14 ቀን ይቆያል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የለጋሹ ደም ለኤች አይ ቪ፣ ለጉበት ቫይረሶችና ለቂጥኝ ይመረመራል፤ በኮርኒያው የውስጥ ገጽ ላይ ያሉት ሕዋሳትም በማይክሮስኮፕ ይቆጠራሉ። እነዚህ ሕዋሳት ውሃ እየመጠጡ ኮርኒያውን ጥርት አድርገው የሚይዙ ናቸው፤ ሲሞቱ አይተኩም። ሙሉውን ውፍረት ለመተካት ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ብዙ የዓይን ባንኮች በአንድ ካሬ ሚሊ ሜትር 2,000 ያህል ሕዋስ እንዲኖር ይፈልጋሉ። ቁጥሩ ከዚያ ካነሰ ኮርኒያው ለሌላ ዓይነት ሕክምና ወይም ለትምህርት ይውላል።

ለዓይን ለጋሽነት መነፅር ማድረግ አያግድም፤ ዕድሜ መግፋትም በራሱ አያግድም። የደም ዓይነት መመሳሰልም አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም፤ የደም ሥር የሌለውን አካል የሰውነታችን ዘበኛ ሕዋሳት በቀላሉ አያገኙትምና። በሰው ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ የተሳካው የኮርኒያ ንቅለ ተከላ ገና በ1905 እ.ኤ.አ. በሞራቪያዋ ኦሎሞውትስ ከተማ የተደረገው ለዚህ ነው። ሐኪሙ ኤድዋርድ ዚርም፣ ታካሚው ኖራ ዓይኑን ያጠፋበት የቀን ሠራተኛ ነበር። የመጀመሪያው የተሳካ የኩላሊት ንቅለ ተከላ እስኪመጣ ድረስ ከዚያ በኋላ ወደ ግማሽ ምዕተ ዓመት ማለፍ ነበረበት።

በአገራችን ይህ ሥራ ተቋም ያገኘው በ1995 ዓ.ም ነው። የኢትዮጵያ ዓይን ባንክ በኦርቢስ ኢንተርናሽናል ድጋፍ በአዲስ አበባ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል ግቢ ተቋቋመ። የዚያን ጊዜው ፕሬዚዳንት ግርማ ወልደ ጊዮርጊስ ከሞቱ በኋላ የዓይን ብሌናቸውን ለመለገስ ቃል ገቡ፤ አንድ የአገር ርእሰ ብሔር ስለ ራሱ አስከሬን በአደባባይ መናገሩ ቀላል ነገር አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች ቃል ገብተዋል፣ በርካቶችም ብርሃናቸው ተመልሷል። ሆኖም የባንኩ ባለሙያዎች ስልክ ሲደወልላቸው ደርሰው የሚያነሡት በዋናነት በአዲስ አበባና በአካባቢዋ ካረፉ ሰዎች ነው። ደብረ ታቦር ከአዲስ አበባ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ትገኛለች። ከባሕር ዳር እንኳ 100 ኪሎ ሜትር ያህል ትርቃለች። ከስማዳ ወይም ከታች ጋይንት ቀበሌዎች ወደ ደብረ ታቦር ለመምጣትም በክረምት ብዙ ሰዓት ያልፋል። የጊዜውንና የመንገዱን ስሌት አጠገብ ለአጠገብ ያስቀመጠ ሰው የደጋው አርሶ አደር ዓይኑን አለመለገሱን «የግንዛቤ ማነስ» ብሎ ለማለፍ ይቸገራል። ፈቃደኛ ቢሆንስ ማን ሊደርስለት?

የሚያሳዝነው፣ ሰው በኮርኒያ ጠባሳ ከሚታወርባቸው የኢትዮጵያ አካባቢዎች ይህ ደጋ ከፊት የሚሰለፍ መሆኑ ነው። በ1998 ዓ.ም በአገር አቀፍ ደረጃ የተደረገው የዓይነ ስውርነት ጥናት ከኢትዮጵያ ሕዝብ 1.6 በመቶው ዓይነ ስውር መሆኑን አሳይቷል። ከዚህ ውስጥ ግማሽ ያህሉ በዓይን ሞራ፣ 11.5 በመቶው በትራኮማ ምክንያት በመጣ የኮርኒያ ጠባሳ፣ 7.8 በመቶው ደግሞ በሌላ ምክንያት በመጣ የኮርኒያ ጠባሳ ነበር። በአማራ ክልል ከአንድ እስከ ዘጠኝ ዓመት ባሉ ሕፃናት ላይ ንቁ ትራኮማ 62.6 በመቶ ደርሶ ተገኝቷል። በዓለም ላይ ከተመዘገቡት ሁሉ ከከፉት አንዱ ነው። የካርተር ማዕከልና ላየንስ ክለብ ከክልሉ ጤና ቢሮ ጋር ሆነው በ1990ዎቹ መጀመሪያ የትራኮማ መከላከሉን ሥራ ሲጀምሩ፣ እንደ ደራ፣ እብናትና እስቴ ያሉ የደቡብ ጎንደር ወረዳዎች ከቀዳሚዎቹ መካከል የሆኑት ለዚህ ነው።

ትራኮማ ኮርኒያውን በቀጥታ አይበላውም። በልጅነት ደጋግሞ የያዘው ኢንፌክሽን የላይኛውን ቆብ ውስጥ ውስጡን ያጠባስሰዋል። ጠባሳው እየተሸበሸበ ቆቡን ወደ ውስጥ ይቀለብሰዋል፤ ያኔ የዓይን ፀጉሩ በእያንዳንዱ እርግብግቢት ኮርኒያውን ይፍቀዋል። በደጋው ገበያ ወረንጦ በአንገታቸው ማተብ ላይ ያንጠለጠሉ እናቶችን ያየ ሰው ያውቀዋል። ፀጉሩ በወጣ ቁጥር ጎረቤት ወይም የልጅ ልጅ ፀሐይ ላይ አስቀምጣ ትነቅላለች፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ይበቅላል፣ ጫፉ የባሰ ሸካራ ሆኖ። ጭስ ያለበት ጎጆ፣ አቧራና ብርድ ይጨመርበታል። ከዓመታት በኋላ ጥርቱ ሽፋን ነጭ ይሆናል።

እዚህ ላይ ስለ ልገሳ የሚጻፉ መጽሐፎች ብዙ ጊዜ የሚዘሉትን ነገር መናገር አለብኝ። እንዲህ ለታወሩት ለእነዚያ እናቶች አዲስ ኮርኒያ መትከል በራሱ አይበቃም፤ ብዙ ጊዜም አይሳካም። ፀጉሩ አዲሱንም ይፍቀዋል፤ የእንባ ዕጢዎቹ ስለ ተጎዱ ዓይኑ ደረቅ ነው፤ ጠባሳው የደም ሥሮችን ስለ ጎተተ የሰውነት ዘበኛ ሕዋሳት አዲሱን አካል በቀላሉ ያገኙታል። ስለዚህ ቆቡ በቀዶ ሕክምና መቅናት አለበት፤ ኮርኒያ ሊታሰብ የሚችለው ከዚያ በኋላ ነው፣ ያም ለአንዳንዶቹ ብቻ። ንቅለ ተከላ ይበልጥ የሚጠቅማቸው ሌሎች ናቸው፦ በአውድማ የገብስ እብቅ ወይም እሾህ የወጋውና ቁስሉ ጠባሳ የጣለበት ጎረምሳ፣ በኩፍኝና በቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይኗ የተጎዳ ልጅ፣ ለረጅም ዓመታት በአለርጂ ዓይኑን ሲያሽ ኮርኒያው ሾጣጣ የሆነበት ተማሪ። ለትራኮማው መድኃኒቱ አስቀድሞ ፊት መታጠብ፣ መጸዳጃ ቤትና በዓመት አንድ ጊዜ የሚሰጠው አዚትሮማይሲን ነው፤ ሕዝቡ ዚትሮማክስ የሚለው።

ኮሮና ሲመጣ የትራኮማውን መከላከልና የዓይን ልገሳውን ሁለቱንም በአንድ ጊዜ መታቸው።

መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም የመጀመሪያው ታማሚ በአዲስ አበባ ተገኘ። ከቀናት በኋላ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። በመጋቢት 22 ክልሉ ባሕር ዳርን፣ እንጅባራን፣ ቲሊሊንና አዲስ ቅዳምን ዘጋ፤ የደብረ ታቦር ሰው ወደ ደቡብ የሚወርድበት በር የባሕር ዳር ከተማ ነች። በማግሥቱ የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ትራኮማ ላሉ ቸል ለተባሉ የሞቃታማ አካባቢ በሽታዎች የሚደረግ የጅምላ መድኃኒት እደላና የቤት ለቤት ጥናት ለጊዜው እንዲቆም መከረ። በመጋቢት 30 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ከአራት ሰው በላይ መሰብሰብ ተከለከለ። ለዚትሮማክስ እደላ በየቀበሌው ሰው በዋርካ ጥላ ሥር ተሰልፎ፣ በቁመት መለኪያ ዘንግ ተለክቶ፣ እንደ ቁመቱ ክኒኑን እዚያው በባለሙያው ፊት ይውጣል። ስድስት ወር ያልሞላው ሕፃን ቴትራሳይክሊን ቅባት ይቀባል። በአንድ ቀን አንድ ቀበሌ ይሰበሰብበታል። እንዲህ ያለውን ሥራ ያለ ሰልፍ መሥራት አይቻልም። ትራኮማ ደግሞ የሚጠብቅ በሽታ አይደለም፤ እደላው በዘገየበት ዓመት ኢንፌክሽኑ በሕፃናቱ መካከል ይመለሳል። ከዚያም በ2013 ክረምት በሰሜን ኢትዮጵያ የተነሣው ጦርነት ንፋስ መውጫና ጉና ድረስ ደረሰ።

የዓይን ልገሳውም በዚያው ሰሞን ክፉኛ ተጎዳ። በዓለም ዙሪያ የዓይን ባንኮች አስቀድመው ያደረጉት ማጣራት ነበር፦ ኮቪድ-19 የያዘው፣ በሳልና በትኩሳት ያረፈ፣ ወይም ከታማሚ ጋር ንክኪ የነበረው ሰው እንዳይለግስ ተባለ። ሕንድን በመሰሉ አገሮች ባለሙያ ወደ ቤት ሄዶ ማንሣቱ ቆመ፤ ድንገተኛ ያልሆነ ቀዶ ሕክምናም ተላለፈ። ኮርኒያው ለመበሳት ለደረሰ፣ ለአስቸኳይ ታካሚ ብቻ በግሊሰሪን ተጠብቆ የቆየ ኮርኒያ ያወጡ ሐኪሞች ነበሩ፤ በግሊሰሪን የቆየው ብርሃን ባይመልስም ቀዳዳውን ደፍኖ ዓይኑን ያተርፋል። የኛ አገር ልገሳ ደግሞ ገና ከመጀመሪያው የተንጠለጠለው በአንድ ከተማ፣ በአንድ ቡድን፣ ቤት ለቤት በሚሄድ መኪና ላይ ነበር። ሐዘን ቤት መግባት አስጊ ሲሆን ሥራው ሌላ መሸሸጊያ አልነበረውም።

ፍርሃቱ መሠረት ነበረው ወይ? አዎን፤ ግን ለሁሉም አካል እኩል አልነበረም። በ2020 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ በመኪና አደጋ ያረፈች አንዲት ሴት ሳንባ በሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ለሌላ ታካሚ ተተከለ። ከአፍንጫና ከጉሮሮ የተወሰደው ናሙና ነጻ ነበር። ከሦስት ቀን በኋላ ተቀባይዋ ታመሙ፤ ከሳንባው ሥር ከተወሰደው ፈሳሽ ቫይረሱ ተገኘ። ሳንባውን ያዘጋጀው ቀዶ ሐኪምም ተያዘ፤ እሱ ዳነ፣ ተቀባይዋ ግን ከሁለት ወር በኋላ አረፉ። ቫይረሱ የሚራባው ሳንባ ውስጥ ስለሆነ፣ አፍንጫ ላይ ባይገኝም ሥር ሊደበቅ ይችላል። ኮርኒያ ግን ሌላ ነው። በኮቪድ ካረፉ ሰዎች የዓይን ሽፋን ላይ የቫይረሱን ምልክት ያገኙ ጥናቶች አሉ፤ ኮቪድ-19 በኮርኒያ ንቅለ ተከላ መተላለፉ የተረጋገጠበት አጋጣሚ ግን በሕክምናው ጽሑፍ አልተመዘገበም። ከሁሉ የሚበልጠው ልዩነት ደግሞ የጊዜ ነው። ሳንባ በሰዓታት ውስጥ መተከል አለበት፤ ውጤት አይጠብቅም። ኮርኒያ ግን በቅዝቃዜ ውስጥ 14 ቀን ይጠብቃል። ናሙናው ደርሶ ውጤቱ እስኪመጣ ኮርኒያው ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቆያል፤ ቫይረስ ከተገኘ ይወገዳል።

ያን ጊዜ በየቀኑ የወጣውን የጤና ሚኒስቴር መግለጫ የተከታተለ አንባቢ አንድ ነገር ያስታውሳል። ከሟቾቹ አንዳንዶቹ ቫይረሱ የተገኘባቸው «በአስከሬን ምርመራ» እንደሆነ ይገለጽ ነበር። ከአስከሬን ናሙና መውሰድ፣ ወደ ቤተ ሙከራ ማድረስ፣ ውጤቱን ለቤተሰብ መንገር፣ በእነዚያ ወራት በአገራችን ተሠርቷል። ሐዘንተኛውም ከባድ ቢሆንበትም ጠብቋል። ለዓይን ልገሳ የሚያስፈልገው ሥርዓት ደግሞ ከዚያ ብዙ አይርቅም፦ ስለ ሞቱ በጊዜ የሚሰማ ሰው፣ ጓንትና ማስክ ያለው ባለሙያ፣ ማቀዝቀዣ፣ መኪና። ይህን ማስተዋል ከወረርሽኙ ካገኘናቸው ጥቂት ጥቅሞች አንዱ ሊሆን ይገባ ነበር ብዬ አምናለሁ።

ኩላሊት ሌላ መንገድ ነው ያለው። በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ የኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ የተደረገው በመስከረም 2008 ዓ.ም ነው፤ ሥልጠናውንና ድጋፉን የሰጠው ያው የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ነበር። የሚለግሰው በሕይወት ያለ የቅርብ ዘመድ ነው። ስለዚህ ወረርሽኙ ሁለት ሰዎችን ነው ያሰጋው። ጤነኛው ወንድም ለሚያተርፈው ሰው ሲል ሆስፒታል ይተኛል፤ ተቀባዩ ደግሞ አዲሱን ኩላሊት ሰውነቱ እንዳይገፋው የመከላከያ አቅሙን የሚያዳክም መድኃኒት ዕድሜ ልኩን ይወስዳል፤ ኮሮና እንዲህ ያለውን ሰው ሲያገኝ አይምርም። ከጋይንት ወይም ከሊቦ ከምከም ኩላሊቱ የደከመበት ሰው ይህን ሁሉ ለማሰብ አስቀድሞ እጥበት በሚገኝበት ከተማ መኖር አለበት። ብዙዎቹ እዚያ አይደርሱም።

ደም ግን በደብረ ታቦርም ይሰጣል። ይህን የማነሣው የደጋው ሰው ከሰውነቱ ከፍሎ መስጠትን የማያውቅ እንዳይመስል ነው። በወረርሽኙ ወራት ደም ባንኮች ሁሉ የተቸገሩት ሰው ስለ ሰሰተ አልነበረም፤ ዋናዎቹ ለጋሾች ተማሪዎች ነበሩ፣ ትምህርት ቤትና ዩኒቨርሲቲው ደግሞ ተዘግቶ ነበር። የተቀዳ ደም ከ35 ቀን በላይ አይቀመጥም፤ ፕሌትሌት የተባለው ክፍል አምስት ቀን ያህል ብቻ ነው የሚቆየው። ስለዚህ አንድ ወር ያህል ለጋሽ ቢጠፋ የማቀዝቀዣው መደርደሪያ ባዶ ይቀራል፤ በወሊድ ደም የሚፈሳት እናት ደግሞ ወረርሽኝ መኖሩን አታውቅም። ለጋሹ እንደገና የመጣው ቀጠሮ ተሰጥቶት፣ ተራርቆ ተቀምጦ መለገስ እንደሚችል በታወቀ ጊዜ ነው። በጊዜና በአግባቡ የተጠየቀ ሰው ይሰጣል።

የመጠየቁ ነገር ወደ ሞት አልጋ ይመልሰናል። በደጋው ሰው በብዛት የሚያርፈው በሆስፒታል ሳይሆን በቤቱ ነው። በማይድን በሽታ የተያዙትን ማስታመም ዋና ሥራቸው ያደረጉ ተቋማት በአገራችን ጥቂት ናቸው። በሲስተር ጽጌረዳ ይስፋወሰን የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያ ሕመምተኛውን በአዲስ አበባ ቤቱ ድረስ ሄዶ ሕመሙን ያስታግሳል፣ ቤተሰቡንም ያጽናናል። እንዲህ ያለ ባለሙያ ሞት እየቀረበ መሆኑን ከቤተሰቡ ጋር ሳይደብቅ የሚነጋገር ነው። ስለ ልገሳ ለመነጋገር ከማንም የተሻለ ቦታ ያለው እሱ ነው፣ ምክንያቱም ጥያቄው ያኔ ከሞት በፊት፣ ለባለቤቱ ለራሱ ሊቀርብ ይችላል። በደቡብ ጎንደር የዚያ ባለሙያ ቦታ ባዶ ነው። ቅርቡ ሰው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ናት። እሷ ደግሞ በወረርሽኙ ጊዜ ትኩሳት ስትለካና ከውጭ የገባውን ስትመዘግብ ነበር። በዚያ ላይ በኮቪድ ያረፈ ሰው ባለሙያ በሚለብሰው ሙሉ ልብስ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ፣ ዘመድ ሳይነካው ተቀበረ። ግንዘት አልነበረም፣ ለቅሶው ተበትኖ ነበር፣ እግዜር ያጥናችሁ የሚባለው በስልክ ነበር። አባቱን በእጁ ሳይገንዝ ለቀበረ ልጅ «ዓይናቸውን እንውሰድ?» ማለት ቀርቶ ማሰብም ይከብዳል። ያን የሐዘን ቁስል ሳይቆጥር ስለ ልገሳ ቅስቀሳ የሚያደርግ ሰው አይሰማም፤ ባይሰማም አልፈርድም።

በጥሩ ጊዜም ቢሆን ጥያቄው የራሱ ወግ አለው። ከሁሉ አስቀድሞ ማጽናናት ነው። ከዚያ ከቤተሰቡ ውስጥ ቃሉ የሚሰማውን ታላቅ ለብቻ ጠርቶ መናገር፦ «ጋሼ፣ እግዜር ያጥናችሁ። በዚህ ሰዓት መናገሬን ይቅር ይበሉኝ። አባታችሁ የዓይናቸውን ብሌን እንዲሰጡ ብትፈቅዱ ሁለት ሰው ሊያይበት ይችላል። ሥራው ግማሽ ሰዓት ነው፤ ፊታቸው አይለወጥም፤ ቀብሩ አይዘገይም።» እሺም እንቢም ቢሉ አመስግኖ መውጣት። «አይዘገይም» የምትለዋ ቃል እውነት መሆን አለባት። አንድ ጊዜ ባለሙያ ዘግይቶ ሕዝብ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ቢጠብቅ፣ በዚያ አጥቢያ ለአሥር ዓመት ስለ ልገሳ የሚሰማ አይኖርም።

ስለ እምነት የሚነሣው ጥያቄ የአገሬው ሰው ከልቡ የሚጠይቀው ስለሆነ በመግለጫ ቃል ማለፍ አይገባም። ሥጋ እንደሚነሣ የሚያምን ሰው «ያለ ዓይን ልነሣ ነው?» ቢል ከእምነቱ ነው። መልሱም ከዚያው ከእምነቱ ይወጣል። ቤተ ክርስቲያን በየዕለቱ ስንክሳር የምታነብላቸው ሰማዕታት በእሳት ተቃጥለዋል፣ አካላቸው ተቆራርጧል፣ ለአራዊት ተጥለዋል፤ ሳይጎድሉ እንደሚነሡ ግን ጥርጥር የላትም። ከአፈር የሚያስነሣ፣ ሁለት ኮርኒያ አይጠፋበትም። ይህን ሐኪም ከሚናገረው ንስሐ አባት ቢናገሩት ይደመጣል፤ ስለዚህ ካህናቱን አስቀድሞ ማማከር ግድ ነው። ለሙስሊሙ ወገናችንም የአስከሬን ክብር ትልቅ ነገር ነው፤ ቀብሩም ፈጣን ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. ጅዳ የተሰበሰበው ዓለም አቀፉ የእስልምና ፊቅህ ጉባኤ፣ ሟቹ በሕይወቱ ወይም ወራሾቹ ከፈቀዱና የሌላውን ሕይወት ወይም መሠረታዊ አካላዊ አገልግሎት የሚያድን ከሆነ፣ ከሟች አካል መውሰድን ፈቅዷል።

ሕጉም ቢሆን ሰውን አያስገድድም። የ1952 ዓ.ም የፍትሐ ብሔር ሕግ በአንቀጽ 19 አንድ ሰው አካሉን ወይም ከአካሉ ከፊሉን ለመስጠት የገባውን ቃል፣ በሕይወቱ ሳለ የሚፈጸምም ይሁን ከሞቱ በኋላ፣ በማናቸውም ጊዜ መሻር እንደሚችል ይደነግጋል። በአገራችን አሠራር ደግሞ ባለቤቱ ቃል ገብቶ ቢፈርምም፣ ሲያርፍ ስልክ የሚደውለው ቤተሰቡ ነው። ቤተሰቡ ካላወቀ ወረቀቱ ሳጥን ውስጥ ይቀራል። ስለዚህ ቃል ከመግባት የሚበልጠው ለልጆችና ለትዳር ጓደኛ መንገር ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ ለደብረ ታቦር የሚበጀው ምንድን ነው? የደብረ ታቦር ኮምፕሬሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል አለ፤ ከእሱ ጋር የሚሠራ የሕክምና ተማሪዎች ያሉት ዩኒቨርሲቲም አለ። የኮርኒያ ንቅለ ተከላ እዚያ ይጀመር አልልም፤ ያ ሥራ ልዩ ሐኪምና ዓመታት ይፈልጋል፣ ከአዲስ አበባ ውጭ የሚሠራውም በጥቂት የዩኒቨርሲቲ ሆስፒታሎች ብቻ ነው። ማንሣትና ማቆየት ግን ከዚያ ብዙ ይቀላል። ለዚህ የሠለጠኑ ሁለት ሦስት የዓይን ነርሶች፣ የማቆያው ፈሳሽ፣ ማቀዝቀዣና ወደ ባሕር ዳር አውሮፕላን ማረፊያ የሚወርድ መኪና ቢኖር፣ በሆስፒታሉና በከተማው ዙሪያ ካረፉ ሰዎች የሚነሣው ኮርኒያ በዚያው ቀን ወደሚተከልበት መሄድ ይችላል። 14 ቀን ብዙ ነው፤ መንገዱ ለአንድ ሳምንት ቢዘጋ እንኳ የሚተርፍ ጊዜ አለ። አንዱ ከተማ ሲዘጋ ሥራው ሁሉ እንዳይቆም የሚደረገው እንዲህ ነው። የአጥቢያው እድር ጥሩንባ ከማስነፋቱ በፊት አንድ ስልክ እንዲደውል ቢስማማ ደግሞ የመረጃው መንገድ ተሠራ ማለት ነው። ከከተማ ርቆ ላለው ገጠር ይህ ዛሬ አይደርስም፤ ለእሱ ከሁሉ በፊት የሚያስፈልገው ዚትሮማክስና የቆብ ቀዶ ሕክምናው ነው። ኮርኒያ የተተከለለት ሰውም ክትትል ይሻል። ስፌቱ ለዓመት ያህል ዓይኑ ላይ ይቆያል፤ ጠብታው ለወራት አይቋረጥም፤ ዓይኑ ከቀላ፣ ካመመ ወይም ብርሃኑ ከቀነሰ ሳይውል ሳያድር ሐኪም ማየት አለበት። መንገድ በተዘጋበት በ2012 ሚያዝያ ይህን ማድረግ ያልቻለ ሰው የተሰጠውን ዓይን ሊያጣ ይችል ነበር። ለዚህም ጠብታውን የሚሰጥና ምልክቱን የሚያውቅ ሰው በየወረዳው ጤና ጣቢያ መኖር አለበት።

ቃል የገባ ሰው ያለበት ቤት ያለው አንባቢ ደግሞ ይህን ይያዝ። ሰውየው እንዳረፈ ቆቦቹ ይከደኑ፤ ክፍት ከቀሩ ኮርኒያው ይደርቃል። በንጹሕ ውሃ የረጠበ ጥጥ ወይም ጨርቅ በተከደነው ዓይን ላይ ይደረግ፣ ሲደርቅም ይለወጥ። ራሱ በትራስ ከፍ ይበል፤ ደም ወደ ዓይን እንዳይወርድ ይረዳል። ክፍሉ ቀዝቀዝ ይበል፤ እሳት ከአስከሬኑ ይራቅ። በጤና ተቋም ሕክምና ሲከታተል የነበረ ከሆነ ካርዱ ይፈለግ፤ ባለሙያው ሲመጣ የሚጠይቀው በምን ሕመም እንዳረፈ፣ ትኩሳትና ሳል እንደነበረው፣ ማንን እንደተነካካ ነው። ሰዓቱ በወረቀት ይጻፍ። ከዚያ ዘመድ ሳይሰበሰብ ይደወል።